ስለ ልብ መታወቅ

ለሰው ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ አንዱን ብዙ ጊዜ ሳንቈጥረው እናልፋለን። እንጀራና ልብስ፤ ቤትና ጤና እንደሚያስፈልጉ ሁሉም ያውቃል፤ ያጣ ሰው ይለምናቸዋል፤ ያገኘም ያመሰግንባቸዋል። ነገር ግን «ልቤን የሚያውቅልኝ ሰው ስጡኝ» ብሎ በአደባባይ የሚለምን አይገኝም። ይህን ያጣ ሰው በሰው መካከል ሳለ ብቻውን እንደ ሆነ ይኖራል፤ ችግሩም በዐይን የሚታይ መልክ ስለሌለው እጁን የሚዘረጋለት አያገኝም። እኔም ይህ ችግር ምን እንደ ሆነ፤ መጽናናቱም ከወዴት እንደሚመጣ በዕድሜዬ ያየሁትንና ከመጻሕፍት ያገኘሁትን ለአንባብያን በጥቂቱ ላቀርብ አሰብሁ።

አስቀድሞ ግን ነገሩን ለይቶ ማየት ይገባል። የልብ መታወቅ ሲባል ዝና ማትረፍ ማለት አይደለም። ባለ ዝና ሰው ቀኑን ሙሉ እጅ ሲነሣ ይውላል፤ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ግን ከእነዚያ ሁሉ መካከል የልቡን የሚያጫውተው አንድ ሰው ላያገኝ ይችላል። መወደድም ቢሆን ብቻውን ይህን አይሞላም። እናት ልጇ አዝኖ ባየችው ጊዜ የሐዘኑን ምክንያት ሳታውቅ ምግብ ታቀርብለታለች። ፍቅሯ እውነት ነው፤ ልጁም ስለ ፍቅሯ ይበላል፤ ሐዘኑ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። እኔ የምናገረው ከዚህ ስለሚለየው ነው፤ ይኸውም ሰው ከተናገረው ቃል አልፎ ሊናገር የፈለገውን ሌላው ሲያገኝለት በልቡ ስለሚገባው ዕረፍት ነው።

ትምህርቴ ቅኔ ነውና በማውቀው ምሳሌ ልግለጠው። አንጥረኛ የወርቅ ጌጥ ሊሠራ በወደደ ጊዜ የሚፈልገውን ቅርጽ አስቀድሞ በሰም ያበጃል፤ ሰሙንም በጭቃ ይመርገዋል። በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ስፍራም የቀለጠው ወርቅ ይፈስበታል፤ ጭቃው ሲሰበር ወርቁ የሰሙን መልክ ይዞ ይገኛል። በቅኔም እንደዚሁ ላይ ላዩን ለጆሮ የሚሰማው ነገር ሰም ይባላል፤ ከሥሩ ያለው ምሥጢር ወርቅ ይባላል። ሰሙን ማንም ይሰማዋል፤ ወርቁን የሚያገኘው ግን ልቡን ሰጥቶ የሚያደምጥ ሰው ነው።

በጎጃም በቅኔ ቤት ሳለሁ ቀን ቀን ተማሪዎች ሁሉ በየዛፉ ሥር ተለያይተን ቅኔ ስንቈጥር እንውላለን፤ ማታ ወደ የኔታ ቀርበን እንነግራለን። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ያላት ናት፤ ነገር ግን ሙሉ ቀን ፈጅታ የማትሞላበት ጊዜ ነበረ። የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ይሰሙናል። አንዳንድ ቀን ቅኔዬ ገና ያልጠራ ሆኖ ሲያገኙት «አንተ እንኳ ልትል የፈለግኸው ይህን ነው» ብለው እኔ በጨለማ ስዳስሰው የዋልሁትን ወርቅ ከእኔ ይልቅ አጥርተው ያሳዩኝ ነበር። በዚያች ሌሊት ቅኔዬ ተነቅፎ ሳለ እኔ ደስ ብሎኝ አድራለሁ። በሌላ ጊዜ ደግሞ፤ ካደግሁ በኋላ ነው፤ በማኅሌት መካከል ቅኔ ሳቀርብ ምሥጢሩን ያላገኘ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይበል! ይበል!» ሲል እሰማለሁ። ያን ጊዜ ሰሙን ተቀብሎ ወርቁን መሬት ላይ ጥሎት እንደ ሄደ ስለማውቅ ምስጋናው ደስ አያሰኘኝም ነበር። ከዚህ የተነሣ አንድ ነገር ተረዳሁ፤ ነፍስ ከምስጋና ይልቅ መታወቅን ትሻለች፤ እንዲያውም ልቧን አግኝቶ የሚነቅፋትን ሳያገኛት ከሚያመሰግናት ትመርጣለች።

ከጎጃም ወጥቼ አዳማ ከገባሁ 25 ዓመት አለፈኝ። አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በስምጥ ሸለቆ የምትገኝ ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በዚህ በኩል አልፎአልና ከተማይቱ በባቡር ጣቢያው ዙሪያ አደገች። አዳማ የሚለው ስም በኦሮምኛ ከቍልቋል ስም የወጣ ነው ይባላል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግን የጌታችንን አገር ስም ወስደው ናዝሬት ብለው ሰየሙአት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2000 ስሟ እንደ ገና አዳማ ተባለ፤ ዛሬም ሽማግሎች አንዳንዱ በዚህ፤ አንዳንዱ በዚያ ይጠሩአታል። ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ የሚወርደው፤ ወደ አሰላም የሚወጣው መንገደኛ በዚህ ስለሚያልፍ በገበያዋ ኦሮምኛና አማርኛ፤ ጉራጌኛና ስልጥኛ፤ ሶማልኛም ይሰማል። በሞጆና በመቂ፤ በባቱና በሻሸመኔም ነገሩ ይህን ይመስላል።

በእንደዚህ ያለ ከተማ ሰዎች ስለ ዋጋ ቶሎ ይግባባሉ። ቃል ቢያጥር ጣት ይቈጥራል፤ ጣት ቢያንስ ብሩ ራሱ ይናገራል። ስለ ልብ ነገር ግን በጣት መነጋገር አይቻልም። ከደብረ ሊቃውንት ወጥቶ ነጋዴና መንገደኛ በበዛበት ስፍራ የተቀመጠ ባለ ቅኔ ወርቁን የሚያወጣለት ሰው እንደሚጠፋበት አንባቢ ሊገምት ይችላል። እኔን ከዚህ ብቸኝነት የጠበቀችኝ ግዕዝ ያልተማረች ሴት ናት፤ እርስዋም ባለቤቴ ነበረች።

ቅዳሜ ማታ ለእሑድ ያዘጋጀሁትን ቅኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ እደጋግማለሁ፤ እርስዋ ከመብራቱ አጠገብ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ትርጓሜውን አታውቅም፤ ነገር ግን ድንገት ቀና ብላ «ይቺኛዋ ታነክሳለች» ትለኛለች። ተመልሼ ስመረምር አነከሰች ያለቻት ቤት ልኳ ጐድሎ አገኛት ነበር። በእርግጥም ብዙ ሊቃውንት ቅኔዬን ሰምተዋል፤ እንደ እርስዋ አድርጎ ያዳመጠኝ ግን የለም። በ2010 ዓ.ም. በጾመ ነቢያት ከዚህ ዓለም ተለየች።

ለሐዘን የመጣው ሰው ብዙ ነበረ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ካህናት ወንድሞቼ ስለ ትንሣኤ ሙታን ነገሩኝ፤ ጎረቤቶች «እግዚአብሔር ያጽናዎ» አሉኝ፤ የዕድር ሰዎችም ድንኳኑን ተክለው እስከሚነሣ ድረስ አብረውኝ ተቀመጡ። የተነገረኝ ሁሉ እውነት ነበረ፤ የተደረገልኝም ሁሉ በጎ ነበረ። ነገር ግን ሐዘኔ ከየት ቦታ ላይ እንዳለ ያገኘው አልነበረም፤ እኔ ራሴም ምን እንደ ጐደለኝ ለይቼ መናገር አልቻልሁም። ሚስት ሞተችበት ይባላል፤ ይህ ሰሙ ነው። ወርቁን ማንም አልነካውም።

ከአጥራችን ማዶ አንዲት አሮጊት ጎረቤት ይኖራሉ። አገራቸው ወለንጪቲ አካባቢ ነው፤ ቋንቋቸው ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን በጥቂቱ ይናገራሉ፤ ከግዕዝ ግን አንዲት ቃል አያውቁም። የእኔም ኦሮምኛ በዚያን ጊዜ ከገበያ ያላለፈ ነበረ። ከዐርባው ተስካር በኋላ በአንድ ቅዳሜ ማታ እማማ የተቈላ ቡና በትንሽ ሰፌድ ይዘው መጡ። ከተቀመጡ በኋላ «መሪጌታ፤ ቅዳሜ ማታ ድምፅዎ ጠፋ» አሉኝ። ጥቂት ዝም ብለውም «ለእርስዋ ነበር የሚሉት፤ አውቃለሁ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ተነሥተው ከሰሉን አያያዙ፤ ጀበናውን ጣዱ፤ አቦልና ቶና ጠጥተን በረካው ላይ ስንደርስ እኔ አለቅስ ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው በለቅሶው ቀን ያልመጣው እንባ ያን ማታ መጣ። ሐዘኔ ስም አግኝቶ ነበርና፤ ያጣሁት የምሰማትን ብቻ ሳይሆን የምትሰማኝን ነው።

በኋላ ስለዚህ ነገር ብዙ አሰብሁ። እማማ የእኔን ቅኔ በምን አወቁት? ቋንቋውን አያውቁም፤ ትምህርቱን አያውቁም። ነገር ግን ለብዙ ዓመት በቅዳሜ ማታ ከአጥር ማዶ ሆነው ያልገባቸውን ድምፅ ሳይንቁ ሰምተዋል። ድምፁ ወደ ማን እንደሚሄድ በልባቸው ይዘዋል፤ በቀረም ጊዜ መቅረቱን ዐውቀዋል። እንግዲህ ሰውን የሚያሳውቀን ቋንቋ ብቻ አይደለም፤ ከቋንቋ በፊት ማስተዋል አለ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለምን? በሚቀጥለው ቅዳሜ መስኮቱን ከፍቼ ለእሑድ ያሰናዳሁትን ቅኔ በቀድሞው ድምፄ አሰማሁ።

ይህ ነገር ለእኔ ብቻ የደረሰ አይደለም። በታሪክም የሚመስለው አለ። አባ ጎርጎርዮስ የሚባል የአምሐራ ሰው፤ ኢየሱሳውያን ከኢትዮጵያ ከተባረሩ በኋላ ከአገሩ ወጥቶ ሮም ተቀምጦ ነበር። እምነቱን ለካቶሊካውያን ሰጥቶ ስለ ነበረ በዚህ ነገር ከእርሱ ጋር አንድ አይደለንም፤ የስደተኛ ልቡን ግን ማን አያውቅለትም? በ1649 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል የኤርፉርት ተወላጅ ጀርመናዊ ወደ ሮም መጥቶ አገኘው። ይህ ሰው ግዕዝን ያወቀው ከመጽሐፍ ነበረ እንጂ ከሰው አፍ አልሰማውም። የሁለቱም የልደት ቋንቋ ያልሆነው፤ ማንም እናት ለልጇ የማትናገረው ግዕዝ መገናኛቸው ሆነ። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ጀርመን አገር አስመጣው፤ በዚያም ከሉዶልፍ ጋር ስለ ኢትዮጵያ ሥርዓትና ታሪክ፤ ስለ አማርኛም ብዙ ተነጋገሩ። ከተለያዩም በኋላ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገሩ ሲመለስ በ1658 መርከቡ ተሰብሮ በባሕር ሞተ። ሉዶልፍ ግን በ1681 ያሳተመውን የኢትዮጵያ ታሪክ፤ በ1698ም ያሳተመውን የአማርኛ ሰዋስው ከወዳጁ በተማረው ነገር ሠራ። ወዳጁ ከሞተ 40 ዓመት በኋላ እንኳ ቃሉን ሲያዳምጥ ነበር ማለት ነው። ከሀገሩ ለራቀ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ማስተናገድ ምን አለ?

ነገር ግን የሰው ማስተዋል ልክ አለው። ይህን ሳልናገር ባልፍ አንባቢን ከማይችል ሰው ላይ ሁሉን እንዲሻ ማድረግ ይሆንብኛል። ሐና የሳሙኤል እናት በቤተ መቅደስ ቆማ በልቧ ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ካህኑ ዔሊም የሰከረች መሰለው። ዔሊ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የእግዚአብሔር ካህን ነበረ፤ በቅርብም ተቀምጦ ያያት ነበር። ሆኖም የከንፈሯን ሰም አየ እንጂ የልቧን ወርቅ አላየም። እርስዋ በትሕትና ባስረዳችው ጊዜ ግን ተቀብሎ ባረካት። እንግዲህ የዔሊን ነገር ስናነብ ስለማያውቁን ሰዎች ትዕግሥት ልንማር ይገባናል። ባል ሚስቱን፤ ወንድም ወንድሙን፤ መምህር ተማሪውን እስከ መጨረሻ ሊያውቀው አይችልም። እኛም ለራሳችን ያልተገለጠልን ብዙ ነገር በውስጣችን አለና ሌላው ቢስተው አያስደንቅም።

በባቱ አጠገብ ባለው በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ዛይ የሚባሉ ሰዎች ይኖራሉ። ቋንቋቸው ለሐረሪና ለስልጥኛ ቅርብ ነው፤ የሚናገሩትም ጥቂቶች ናቸው። በትውፊት እንደሚነገረው በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም መጥታ በዚያ ተሰውራ ቈየች፤ ቱሉ ጉዶ የምትባለውም ደሴት ደብረ ጽዮን የምትባለው ስለዚህ ነው። ወደዚያ በተሻገርሁ ጊዜ ለአንድ ሽማግሌ «አባቴ፤ ብቻዎን ሲጸልዩ በየትኛው ቋንቋ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ከሰው ጋር ኦሮምኛና አማርኛ ሲነጋገሩ ሰምቼ ነበርና። «ቅዳሴውን በግዕዝ እሰማለሁ፤ ስጸልይ ግን በዛይኛ ነው። በእግዚአብሔር ዘንድ ቋንቋዬ ትንሽ አይደለችም» ብለው መለሱልኝ። ይህን መልስ ከብዙ ስብከት አስበልጬ ያዝሁት። በዚህ ዓለም ገበያ የሚያስተረጉም የሚያሻው ሰው በዚያ ፊት ያለ አስተርጓሚ ይቆማል።

ምናልባት አንድ አንባቢ «እግዚአብሔር ሁሉን ማወቁ የሚያስፈራ ነው እንጂ የሚያጽናና ነውን?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ከንቱ አይደለም። አባታችን አዳም ከበላ በኋላ በገነት ዛፎች መካከል የተሸሸገው መታወቁን ፈርቶ ነው። የሚመረምረን ዳኛ ብቻ ቢሆን መታወቃችን ከሞት የከፋ በሆነ ነበር። ስለዚህ መጽናናታችን በመታወቃችን ብቻ የቆመ አይደለም፤ በሚያውቀን ማንነት ነው።

የዚህችን ከተማ የሁለተኛ ስሟን ባነሣሁ ጊዜ ሁሉ ናትናኤል ትዝ ይለኛል። ፊልጶስ ስለ ጌታችን በነገረው ጊዜ ናትናኤል ከናዝሬት መልካም ነገር ይወጣል ብሎ ለማመን ተቸግሮ ነበር። ጌታችን ግን ሲመጣ አይቶ ተንኰል የሌለበት ሰው መሆኑን መሰከረለት፤ ከየት አወቅኸኝ ባለውም ጊዜ ከበለስ በታች ሳለ እንዳየው ነገረው። ከአባቶች ትርጓሜ አንዱ እንዲህ ይላል፤ ሄሮድስ ሕፃናትን ባስፈጀ ጊዜ የናትናኤል እናት ልጇን ከበለስ በታች ሸሽጋው ነበር፤ ይህንንም ከእናቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እንግዲህ ጌታችን ለናትናኤል የነገረው የዕውቀቱን ብዛት ለማሳየት ብቻ አይደለም። «ማንም ባልነበረበት፤ አንተም ራስህን በማታውቅበት በዚያች የፍርሃት ቀን አብሬህ ነበርሁ» እንደ ማለት ነው። ደግሞም ልብ እንበል፤ የናዝሬትን ስም ያቃለለውን ሰው ስለ ማቃለሉ አልነቀፈውም፤ ቃሉን አልፎ ቅን ልቡን አገኘለት። ሰሙን ትቶ ወርቁን ወሰደ። ይህ ዕውቀት ምሕረት የተባበረው ዕውቀት ነው፤ አዳም ቢሸሸገውም ናትናኤል ያመነበት ነው።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። ከሩቅ ሆኖ ማወቅ ሲቻለው ሥጋችንን ለብሶ ረኀባችንንና ድካማችንን፤ ወዳጅ በሞት መለየትንም በራሱ ቀመሰው። አልዓዛርን ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ አጠገብ አነባ። ማርታና ማርያም ወንድማቸውን ማግኘታቸው ሳይቀር ለሐዘናቸው ጊዜ ሰጠላቸው። ብዙዎቻችን ተስፋውን ለመናገር ስንቸኩል እንባውን እንዘላለን፤ እርሱ ግን አልዘለለውም።

እንግዲህ የልብ መታወቅ ፍሬው ምንድር ነው? በእግዚአብሔር ዘንድ መታወቁን ያመነ ሰው ከሰው ሁሉ ዘንድ «ለምን አላወቃችሁኝም» እያለ ዕዳ አይጠይቅም፤ የሚያውቀው ሲያገኝ ግን እንደ ቀብድ ቈጥሮ ያመሰግናል። ስለ ራሱ ሲጨነቅ የነበረውም ጆሮው ነጻ ይወጣና ሌላውን ለማዳመጥ ይበቃል። ካህናት ወንድሞቼ ሆይ፤ ያዘነ ሰው ወደ እኛ ሲመጣ ጥቅስ ከመፈለጋችን አስቀድመን ሐዘኑ የት ላይ እንዳለ እንፈልግለት። በቅኔ ቤት የሰው ወርቅ ለማውጣት ብዙ ዓመት ደክመናል፤ በሰው ልብ ላይ ከዚያ ያነሰ ልንደክም አይገባንም። ምእመናን በኦሮምኛ ሲያለቅሱ በአማርኛ ብቻ የምናጽናና ከሆንን መጽናናቱ ከደጃቸው ይመለሳል፤ ዛሬ በኦሮምኛ የሚያስተምሩና የሚቀድሱ ካህናት መኖራቸው ከዚህ የተነሣ ትልቅ በረከት ነው። የከተማ ሰዎችም፤ በአንድ ሕንፃ ተደራርበን ስንኖር የጎረቤታችን ድምፅ የጠፋበትን ማታ ልናውቅ ይገባናል።

እኔም በዚህ ዕድሜዬ ፊደል እንደሚቈጥር ሕፃን ኦሮምኛ እማራለሁ። መምህሬ ከአጥር ማዶ ያሉት እማማ ናቸው፤ ሳነክስም «ታነክሳለህ» ማለትን አልተዉም። ጎረቤቴ ሲያዝን የሚናገረውን ከእነ ለዛው ልሰማው እወዳለሁና፤ የልባችንን ሁሉ የሚያውቅ አምላክ ለወንድማችን ልብ የሚሆን ጆሮ ለሁላችን ያድለን። አሜን።